ለየትኛው ነጭ ዓሣ?

"ወንድምዓለም፣ ቶሎ ምረጥ! መኪናዬን ያቆምኩበት ሰዓት ሊያልቅብኝ ነው።"

መልእክቱ የመጣው ከዴንቨር ነው። እዚያ ረፋድ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ከመልእክቱ ሥር አሥራ አንድ ፎቶ ተከትሏል። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያብረቀርቁ ሪሎች፣ የዋጋ ወረቀቶች። ተቀባዩ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ የፊዚክስ መምህር ነው። ታናሽ እህቱ "ለሃምሳኛ ዓመትህ ምን ልላክልህ?" ስትለው ስልክ ወይም ጫማ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ዘንግና ሪል አላት። ከዳር ቆመው ወደ ጣና የሚወረውሩት ረጅም ዘንግ።

ምኞቱ የቆየ ነው። በልጅነቱ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ዳርቻ ሲያጠምድ መሣሪያው አንድ ሸምበቆ፣ ጥቂት ክንድ ክርና አንድ መንጠቆ ነበር። ሸምበቆው እስከሚደርስበት ያለው ውኃ የልጆቹ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባለ ታንኳዎች። አንድ ቀን ከፖሊ ቴክኒኩ አንድ ሩሲያዊ መጣ። ትምህርት ቤቱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ ስለሆነ በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ላይ ሩሲያዊ ማየት ብርቅ አልነበረም። ሰውየው ረጅም ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዶ አንዴ ሲያስወነጭፈው እርሳሱ ታንኳዎቹን አልፎ፣ ልጆቹ በዓይናቸው እንጂ በክራቸው ደርሰውበት ወደማያውቁት ውኃ ገባ። ምን እንዳወጣ መምህሩ ዛሬ አያስታውስም። ክሩ ከሪሉ ላይ ሲሮጥ የሰማውን ድምፅ ግን አልረሳውም።

እህቱ አስቀድማ መርጣለታለች። ስድስተኛው ፎቶ ላይ በቀይ አክብባበታለች። አራት ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ለውቅያኖስ ዳርቻ የተሠራ፣ ሁለት መቶ ግራም እርሳስ የሚወረውር ዘንግ ነው፤ ከጎኑ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ሪል። "ይሄ ይሻልሃል። ነጭ ዓሣ ቢይዝህ እንኳ አይሰበርም። ቪዲዮ አይቻለሁ እኮ፣ ለሁለት ነው የሚሸከሙት!"

እዚህ ላይ መምህሩ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም፤ ምክንያቱም የእህቱ ስህተት የእሷ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች ይሳሳቱታል።

ያየችው ቪዲዮ የአርባ ምንጭ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ "ነጭ ዓሣ" ሲባል ናይል ፐርች ማለት ነው። አፉ እንደ ማሰሮ የሚከፈት፣ ትልቁ ከሰው ክብደት ጋር የሚወዳደር አዳኝ። ባሕር ዳር ላይ "ነጭ ዓሣ" ሲባል ግን ከእሱ ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ፍጥረት ነው። ተመራማሪዎች ላቤኦባርበስ ይሉታል። የካርፕ ዘመድ ነው፣ ቅርፊቱ ሰፋፊ፣ ሥጋው እሾህ የሚበዛበት፤ ክንድ ያህል ከረዘመ ትልቅ ይባላል። ስሙ አንድ፣ ዓሣው ሁለት። ስሙን ብቻ ይዞ ዘንግ የሚገዛ ሰው ለአርባ ምንጭ ገዝቶ ባሕር ዳር ላይ ይቆማል።

ጣና ውስጥ ናይል ፐርች የለም። ታች ዓባይ ውስጥ ግን አለ። ሽቅብ እንዳይወጣ የከለከለው ጢስ ዓባይ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወረወረው ፏፏቴ ሰዎች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ብቻ አይደለም። ለዓሣ የተዘጋ በር ነው። በሩ በመዘጋቱ ላይኛው ሐይቅ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሳይኖሩት ቀረ። ባዶ የቀረውን የአዳኝ ቦታም ነጭ ዓሣው ራሱ ያዘው። ከአንድ ወገን የወጡ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ጣና ውስጥ አሉ። አንዱ የድንጋይ ላይ ምግብ ይለቅማል፣ አንዱ ጭቃ ያገላብጣል፣ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ ይበላሉ። ከካርፕ ወገን የሆነ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አዳኝ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከእነዚህ ዓሦች ጥቂቶቹን በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቋል። ነገሩ በደንብ የተፈታው ግን በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ለይተው ሲያወጡ ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የካርፕ ወገን መንጋ በዓለም ላይ በአንድ ሌላ ቦታ፣ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር። ነበር! ከውጭ በገቡ ዓሦችና በመጠን የለሽ አጠማመድ ጠፍቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ደግሞ በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ተጨመረ፤ ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የአገሬው ዝርያዎች ተመናመኑ፣ ብዙዎቹም ዳግም አልታዩም። "ጣና ላይም ለቱሪስት የሚሆን ትልቅ ዓሣ ቢጨመርበት" የሚል ሐሳብ ቡና ላይ የሚሰማ ሰው ይህንን ታሪክ ቢያስታውስ ይበጃል።

"እታለም፣ ያ ዘንግ ለጣና አይሆንም" አለ መምህሩ በድምፅ መልእክት። "የጣና ዓሣ ገመድ የሚበጥስ አይደለም። አዳኙ እንኳ የሚውጠው ጣት የምታህል ዓሣ ነው። እኔም ማቀርብለት እሷን የምትመስል፣ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር የሆነች ነገር ነው። በዚያ ዘንግ ብወረውራት አሥር ሜትር አትሄድም፤ ለሁለት መቶ ግራም የተሠራ ዘንግ አሥር ግራም መያዙን አያውቅም።"

መልሱ ወዲያው መጣ። ከኋላው የሻጩ ድምፅ ይሰማል። "ታዲያ አጭሩን ውሰጂለት ይላል። ሁለት ሜትር።"

ይሄ ደግሞ ሌላው ስህተት ነው፤ ሻጩ አይፈረድበትም፤ ጣናን አላየውም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ትሪ ነው። ዳርቻው ላይ መጀመሪያ ፊላና ደንገል ይቆማል፣ ቀጥሎ ጉልበት የማይሞላ ጭቃማ ውኃ ይመጣል፣ ዓሣው ቀን ቀን የሚቆየው ከዚያ ወዲያ ነው። ውኃው ደግሞ አይቆምም። ሰኔ መግቢያ ላይ ይሸሻል፣ መስከረም ላይ ይሞላል፤ ልዩነቱ ወደ ላይ ሲለካ ያን ያህል ብዙ አይደለም። ሜዳ በሆነው ዳርቻ ግን ያቺ ልዩነት የውኃውን ጠርዝ በብዙ አሥር ሜትሮች ወዲያና ወዲህ ትወስደዋለች። መጋቢት ላይ የተቆመበት ድንጋይ መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ነው።

"ገብቶ መወርወር ነዋ!" የሚል ይኖራል። አይገባም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ቀንድ አውጣው የሚኖረው ልክ አጥማጁ ሊቆምበት በሚፈልገው ሣርማና ጥልቀት የለሽ ውኃ ውስጥ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሲታይ ሰላማዊ ይመስላል፤ ከውኃውና ከመኖው መሀል የቆመ ሰው ሲያጋጥመው ግን ሰላማዊ አይደለም። እናም ለጣና ረጅም ዘንግ የሚያስፈልገው ለጉልበት አይደለም። እግርን ደረቅ አድርጎ ከደንገሉ አሻግሮ ለመወርወር፣ ክሩንም ከደንገሉ በላይ ከፍ አድርጎ ለመያዝ ነው። አጭር ዘንግ ይዞ ከዳር የቆመ ሰው የያዘውን ዓሣ ፊላው ውስጥ ያጣዋል።

ነፋስም አለ። ቀን መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ባሕር ዳር በደቡብ ጫፍ ስላለች ከሰዓት በኋላ የሚወረውር ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ለዚያ ዘንጉ ሰላሳ፣ አርባ ግራም እርሳስ ደፍሮ መወርወር አለበት። ጠዋት ግን ውኃው እንደ መስታወት ነው፤ ለጠዋት አሥር ግራም ይበቃል።

እንግዲህ ምን ያህል ይርዘም? ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ይህንን ጥያቄ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ዘንግ ማንሻ ነው። ሲወረውሩ ማንሻው የሰውየው ነው፤ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ይፈጥናል፣ እርሳሱም ይርቃል። ዓሣው ከተያዘ በኋላ ግን ማንሻው ይገለበጥና የዓሣው ይሆናል። በአራት ሜትር ተኩል ዘንግ፣ ሁለቱ እጆች በ70 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ቢይዙት፣ ዘንጉም ባይጎብጥ፣ ጫፉ ላይ አንድ ኪሎ የሚስበው ዓሣ የታችኛውን እጅ ከአምስት ኪሎ በላይ ያስከፍለዋል። ለዚህ ነው ረጅም ዘንግ ይዘው የሚውሉ ሰዎች ማታ ትከሻቸውን የሚያሹት። መምህሩ በልጆቹ ደብተር ጀርባ ሒሳቡን ሠርቶ ሦስት ሜትር ከስድሳ ላይ ቆመ፤ ከ20 እስከ 60 ግራም የሚወረውር፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ። ልስላሴው ቅንጦት አይደለም። የነጭ ዓሣ ከንፈር ሥጋ ነው፤ በደረቅ ዘንግ ቢጎተት መንጠቆው ከንፈሩን ቀዶ ይወጣል። ዓሣውም ሰውየውም ይከስራሉ።

ካርቦን ወይስ ፋይበር ግላስ የሚለውን እህቱ በዋጋ ልትዳኘው ፈልጋ ነበር። ካርቦን ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ መብረቅ እንዴት እንደሚወርድ ያየ ሰው ሦስት ሜትር ከስድሳ ካርቦን ወደ ሰማይ ቀስሮ አይቆምም። ደመናው ሲጠቁር ዘንጉን መሬት ላይ አስተኝቶ ወደ ቤት ነው።

ሪሉ ላይ ብዙ አልተጨቃጨቁም። ሻጩ የኩሽኔታውን ብዛት ይቆጥራል፤ አሥር ኩሽኔታ፣ አሥራ ሁለት ኩሽኔታ። መምህሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ፍሬኑን ትንሽ አላሊና ክሩን በእጅሽ ጎትቺው። ይንቀጠቀጣል ወይስ እንደ ቅቤ ይወጣል?" ፍሬኑ የሚንቀጠቀጥ ሪል ሃያ ኩሽኔታ ቢኖረውም ዓሣው በድንገት ሲሮጥ ክሩን ያስበጥሳል። እንደ ቅቤ የወጣው ሁለተኛው ነበር፤ መካከለኛ መጠን፣ አራት ሺህ የሚል ቁጥር የተጻፈበት። ክር 0.28 ሚሊ ሜትር፣ ከበሮው ጠርዝ ሊደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ የተሞላ። ክሩ ጎደሎ ከሆነ በየዙሩ ጠርዙን እየታከከ ይወጣልና ውርወራው ያጥራል። ከዚህ በላይ የሚወፍር ክር ለጣና አያስፈልግም።

"ምን ዓይነት ክር ልበል?" ስትለው "ነጠላ ናይሎን" አላት። ቃሉን ከተናገረ በኋላ ግን ዝም አለ። ጣና ላይ ነጠላ ናይሎን ማለት ዛሬ የመረብ ስም ነውና።

በ1986 እ.ኤ.አ. ኡርክ ከተባለች የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጊ ድርጅት ሞተር ያላቸው ጀልባዎችንና የናይሎን መረብ ወደ ጣና አስገባ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ከዚያ በፊት ማጥመድ በአብዛኛው በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ብዙ ሳይርቁ ነበር። ሞተሩ ግን ሐይቁን በሙሉ ከፈተው፤ ከሁሉም በላይ የወንዞቹን አፍ። በርካታ ነጭ ዓሣ የሚራባው ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣል፤ እንቁላሉን ንጹሕ ጠጠር ላይ ይጥላል። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በነሐሴ ጉማራ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ዓሣ አላጠመደም፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ ነው ያጠመደው። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የወሰዱትን ናሙና ሲያወዳድሩ በዚያ አሥር ዓመት የነጭ ዓሣው ብዛት ሦስት አራተኛው ጎድሎ አገኙት። ታዳጊዎቹ ከዚያም የባሰ ጎድለው ነበር።

ያ ሁሉ የሆነው ወፍራሙ መረብ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። በኋላ ነጠላው ናይሎን በድንበር በኩል መጣ። ቀጭን፣ ርካሽ፣ ውኃ ውስጥ የማይታይ፣ ጥቂት አገልግሎ የሚቀደድ። ሲቀደድ ይጣላል፤ የተጣለበት ቦታ ሆኖም ማጥመዱን አያቆምም፤ ዓሣውንም ወፉንም። ወንዞቹ ላይ ደግሞ ብርብራ ወቅጠው ውኃውን የሚያሰክሩ አሉ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ፤ የፌደራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ክልሉም የራሱ አለው። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ነው። ግን ስለ ጣና ሲነሳ የሚታወሰው እምቦጭ ብቻ ሆኗል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ስንት ዘመቻ፣ ስንት ማሽን፣ ስንት ቲሸርት! መደረጉ ክፉ አይደለም፤ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ የነቀለው በእውነት ነው። ነገር ግን እምቦጭ አረንጓዴ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ለካሜራ ይመቻል። ነጠላ ናይሎን አይታይም። የማይታይ ነገር ላይ ዘመቻ ማውጣት የፈለገ እስካሁን እምብዛም አልተገኘም።

መምህሩ ዘንጉ ገና መንገድ ላይ ሳለ ስለሱ ከአንድ አዛውንት ጋር አወጋ። ሰውየው ታንኳ ይሠራሉ፣ ማታ መረብ ይጥላሉ። ደንገሉን እያሰሩ ጠየቁት።

"ስንት ክንድ ነው?"

"ሰባት ክንድ ተኩል ቢሆን ነው አባባ።"

"ወርውረህ ትቆማለህ?"

"እቆማለሁ።"

"ስንት ታወጣለህ በቀን?"

"ከቀናኝ ሁለት፣ ሦስት።"

አዛውንቱ እጃቸውን ከደንገሉ ላይ አነሱ። "መምህር፣ አንተ ብታጣ ቤትህ ገብተህ እራትህን ትበላለህ። እኔ ባጣ ልጆቹ እኔን ነው የሚያዩኝ። ዘንግህ ጥሩ ነው፤ ግን ከመረቤ ጋር አታወዳድረው።"

መምህሩ መልስ አልነበረውም፤ አሁንም የለውም። የመዝናኛ ዘንግ ይዞ ለመረብ ባለቤት ስለ ዓሣ መጥፋት መስበክ ነውር ነው። መረቡ ገበያውን ይመግባል። በጾም ወራት ደግሞ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ዓሣ ይጠይቃሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ገበያው ከወሰነ ቆይቷል።

ዘንጉ የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። መምህሩ የፈለገው ሦስት ቦታ የሚገጣጠመውን ነበር፤ በመጋጠሚያው ጠንካራ ስለሆነና ክር የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም ስለሚበዙበት። ሻንጣዋ ውስጥ ይዛው የምትመጣው የጎረቤት ልጅ ግን "አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ቱቦ ይዤ አልሄድም" አለች። እናም እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳበው ተገዛ። እንዲህ ያለው ሲዘረጋ ከቀጭኑ ጫፍ ተጀምሮ፣ ሲታጠፍ ከወፍራሙ ተጀምሮ ነው፤ አሸዋ ከገባበት ይጣበቃል፤ በየቀኑ በጨርቅ ይጠረጋል። እርሳሱን ጎሚስታ ቤት ለምኖ አገኘ። የቀረው ሁሉ በሻንጣ መጣ፤ ባይመጣም ባልተገዛ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ለውጥ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ በመምህር ደመወዝ አይታሰብም።

ከዳር መቆሙም ሙሉ በሙሉ ምርጫ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት የተነሳ ጀልባ ተከራይቶ እንደልብ ራቅ ማለት ቀርቷል። አምባዛ ደህና አድርጎ የሚበላው ሲመሽ ነው፤ መምህሩ ግን ሳይመሽ ይገባል። ቤተሰብ ያለው ሰው ለአምባዛ ብሎ አያመሽም።

የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ወረወረ፤ ሁለቱ ደንገል ላይ ተሰቀሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ሪሉ ያን የልጅነቱን ድምፅ አሰማ። ፍሬኑ እንደ ቅቤ ለቀቀ፣ ለስላሳው ጫፍ ጎበጠ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሉ። ከክንድ የሚበልጥ ነጭ ዓሣ ነበር። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየ፤ መምህሩ ዓሣውን ፌስታል ውስጥ ሳይሆን በእጁ ተሸክሞ በከተማው መሀል ሄደ።

ሚስቱ ሆዱን ስትከፍተው እንቁላሉ ሳህን ሞላ። ቢላዋውን አስቀምጣ ትንሽ አየችው። "ይቺ እኮ ልትወልድ እየሄደች ነበር።"

ተጠበሰች፤ ተበላች፤ ጣፈጠችም። መምህሩ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓሣ የሚያጠና የድሮ ተማሪውን ፈልጎ አነጋገረው። የሰማው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዚህ ወቅት የምትያዝ ትልቅ ነጭ ዓሣ በአብዛኛው ወደ ወንዝ የምትወጣ እናት ናት፤ በተለቀች መጠን የምትይዘው እንቁላልም ይበዛል፤ ለዚያ መጠን ለመድረስም ዓመታት ይፈጅባታል። ሁለተኛው የገረመው ነው። መረብ የያዘውን ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ገድሎ ያወጣል፤ አስጋሪው ልብ ቢኖረው እንኳ የሚለቀው ነገር የለውም። ዘንግ ግን ዓሣውን በሕይወት ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውየው ውሳኔ ነው። በልጅነቱ የሸምበቆው ርዝመት የወሰነለትን ነገር አሁን ራሱ መወሰን አለበት።

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ መፈለግ ተወ። በትል ቀረሶ ያጠምዳል፤ ሌላው አገር ቆሮሶ የሚለውን። ነጭ ዓሣ ሳይፈልገው ከመጣበት ደግሞ ይለቃል። ለመልቀቅም ሙያ ያስፈልገዋል። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ትንሽ ሹል በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት፣ እጅን መጀመሪያ ማራስ፣ ዓሣውን ድንጋይ ላይ አለማንከባለል፣ ከውኃ ውጭ ብዙ አለማቆየት። በሹሉ መጥፋት የሚያመልጥ ዓሣ አለ፤ ይሁን። የተቆረጠ ክር ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ዳርቻው ላይ ያሉት ይብራዎች ስለ ናይሎን የሚያውቁት ነገር የለም።

የመጀመሪያዋን ሲለቅ ዳርቻው ላይ የነበሩት ልጆች ጮኹ።

"ጋሼ! አመለጠችዎት!"

"አላመለጠችም፤ ለቀቅኳት።"

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ ጓደኛውን "ዳያስፖራ ነው" አለው በሹክሹክታ። ሌላው ደፈር ብሎ "ከሚለቋት ለእኛ አይሰጡንም ነበር?" አለ። መልስ የሌለው ሁለተኛው ጥያቄ። መምህሩ ከያዛቸው ሁለት ቀረሶዎች አንዷን ሰጠው፤ ልጁ ሮጠ።

ባለፈው እሑድ እህቱ ደወለች። "እሺ፣ ስንት ኪሎ አወጣህ?" ፎቶ ላከላት፤ መዳፉን የምታክል ቀረሶ። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

"ለዚች ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሱቅ ውስጥ የቆምኩት?"

"ለዚች ነው እታለም።"

"አራት ሜትር ተኩሉን ብገዛልህ ኖሮ..."

"በእሱ ቢሆን መብላቷንም አላውቅላት።"

ሳቀች። ለገና የምትልከውን ጠየቀችው። ትንንሽ መንጠቆ አላት፤ ቁጥር ስምንትና ቁጥር አሥር፣ ሹሉ ከፋብሪካው ያልወጣለት ካለ። ፒንሳ አያስፈልግም፤ እዚህ አለ።